ፎንታችሁን አንዴ ከፍታችሁ እዩልን

ውድ ደንበኞቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሰሞኑን ባሕር ዳር ሽምብጥ ያለችው ማተሚያ ቤታችን ጎራ ያላችሁ ሰዎች ከበሩ ጀርባ ተጠቅልሎ የቆመውን ባነር ሳታዩ አልቀራችሁም። «ይሄ የማን ነው፣ ለምን አልወሰዱትም?» ብላችሁ የጠየቃችሁም አላችሁ። እኛም ስቀን አልፈነዋል። ዛሬ ግን እንንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገ በእናንተም ሥራ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ባነሩ 3 ሜትር በ1 ሜትር ነው። ያዘዘን ቱሪስት የሚያስጎበኝ ወጣት ነው። ጽሑፉን ራሱ ላፕቶፑ ላይ አሳምሮ፣ ከኢንተርኔት ባወረደው ጌጠኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ጽፎ፣ በፍላሽ አመጣልን። «የጢስ ዓባይ ፏፏቴን ከእኛ ጋር ይጎብኙ» ነበር የሚለው። ታትሞ የወጣው ግን «የጢስ ዓባይ»፣ ከዚያ ሁለት ባዶ ሳጥን፣ ከዚያ «ቴን»። ያን ቀን መብራት ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ጠፍቶ ማታ ነው የመጣው፤ ሥራው ተከምሮ ስለነበር ልጃችን ፋይሉን ከፈተ፣ መጠኑን ብቻ አየና ማሽኑ ላይ ለቀቀው። ስለዚህ ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ባነሩን በራሳችን ወጪ ደግመን ሠርተንለታል። የመጀመሪያው ግን ያለ ፏ ቀረ። በበጋ ጢስ ዓባይን ሄዳችሁ ያያችሁ ሰዎች፣ ብዙም አልዋሸም ትሉ ይሆናል።

ያዘዘን ወጣት በጣም ነበር የተገረመው። «እኔ ጋ እኮ በደንብ ይነበባል!» አለ። ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየን፣ እውነቱን ነው፣ ይነበባል። ግን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሁለቱ ፏዎች ከሌሎቹ ፊደላት ቀጠን ይላሉ፣ ጌጥም የላቸውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሑፍ የምትጽፉበት ዎርድ የተባለው ፕሮግራም በመረጣችሁት ፎንት ውስጥ አንድ ፊደል ሲያጣ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ይበደራል፣ ጨው እንዳለቀባት ጎረቤት፣ ለባለቤቱም አይነግርም። እኛ የምንሠራበት የዲዛይን ፕሮግራም ግን አይበደርም። ከሌለ የለም፣ ሳጥን ያስቀምጣል።

ፎንት ማለት የፊደል ሥዕሎች የተደረደሩበት መሳቢያ ነው በሉት። አንዳንዱ መሳቢያ ሙሉ ነው፣ አንዳንዱ ጎደሎ። ልጅ ሆነን ገበታው ላይ የቆጠርነው 33 በ7፣ 231 ፊደል ነው። እሱን አብዛኞቹ ይይዛሉ። የሚጎድሉት ዲቃላዎቹ ናቸው፦ ሏ፣ ሟ፣ ቷ፣ ፏ፣ ቋ፣ ጓ። ለሠርግ ካርድና ለባነር የሚወደዱት ጌጠኛ ፎንቶች ላይ ይሄ ደጋግሞ ገጥሞናል። ሠሪው 231ዱን ስሎ ደክሞት የተኛ ይመስላል። አንፈርድበትም፣ 231 ፊደል አንድ በአንድ መሳል ቀላል አይደለም። ግን «ተመርቋል» የምትል ሰሌዳ ላይ ቋ ከሌለ ምረቃው ተበላሸ።

አሁን ወደ ልመናችን። ፋይሉን ከማምጣታችሁ በፊት ፎንቱ ውስጥ ምን እንዳለ ራሳችሁ እዩልን። ምንም ነገር ማውረድ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ካራክተር ማፕ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ከዊንዶውስ 3.1 ዘመን ጀምሮ አብራ የምትመጣ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት። ስታርት ላይ ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል (Character Map) ጻፉ፣ ትወጣለች። ከላይ የፎንቶች ዝርዝር አለ። የእናንተን ፎንት ስትመርጡ በውስጡ ያሉት ፊደላት በሙሉ በትናንሽ ቤቶች ተደርድረው ይመጣሉ። አንዱን ስትጫኑ ጎላ ብሎ ይታያል፣ ከታች ደግሞ ቁጥሩና ስሙ ይጻፋል።

ችግሩ፣ የእኛ ፊደል የሚገኘው ወደ ታች ብዙ ወርዳችሁ ነው፣ መጀመሪያ ላቲኑ፣ ግሪኩ፣ ምኑ ምኑ ይደረደራል። ስለዚህ ከታች «አድቫንስድ ቪው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። «ጎ ቱ ዩኒኮድ» የሚል ሳጥን ይመጣል፤ ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደላት ለየአንዳንዳቸው ቁጥር የሚሰጥ መዝገብ ነው። እዚያ 1200 ብላችሁ ጻፉ። ሀ ላይ ያርፋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቤት ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ቤቱም ከ1200 ይጀምራል።

የፏን ጉዳይ ለማየት ደግሞ 1348 ጻፉ። ፈ ላይ ትደርሳላችሁ። ከፈ ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ ፈ፣ ፉ፣ ፊ፣ ፋ፣ ፌ፣ ፍ፣ ፎ። ስምንተኛዋ ፏ መሆን አለባት። ፎ አልቆ ቀጥሎ ፐ ከመጣ ፎንታችሁ ፏ የለውም፣ አለቀ። ያ ባነር በእነዚህ አስር ሰከንዶች ይድን ነበር። ሏን ከፈለጋችሁ 1208፣ ሟን 1218፣ ቷን 1270 ብላችሁ በተመሳሳይ መንገድ ስምንተኛውን እዩ።

ሌላው የሚያስቸግረን የድሮ ፎንት ነው። በተለይ ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት የተጻፈ የዕድር ደንብ፣ የመሥሪያ ቤት ፎርም፣ የአባት የድሮ ጽሑፍ ይዛችሁ ስትመጡ። እናንተ ጋ አማርኛ ነው፣ እኛ ጋ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የቃለ አጋኖ ክምር ይሆናል። በድሮ ጊዜ የአማርኛ ፎንት የሚሠሩ ሰዎች የራሳችን ቤት ስላልነበረን ፊደላችንን በላቲኑ ቤት ነው ያስቀመጡት፣ በጊዜው ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ካራክተር ማፕ ላይ ይሄን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሥዕሉ ሀ ወይም ለ ነው፣ ከታች የተጻፈው ስም ግን የላቲን ፊደል ይላል። እንዲህ ካያችሁ ፋይሉን ብቻውን አትላኩት፣ ፎንቱንም አብራችሁ አምጡ። ወይም ቢያንስ ታትሞ የነበረውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ እያየን እንጽፈዋለን። የመጻፊያ ዋጋውን አስቀድመን እንነግራችኋለን፣ ኋላ እንዳንኳረፍ።

የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ጥር ሲቃረብ የሠርግ ካርዱ ይጎርፋል፣ ዓመቱን ፳፻፲፰ ብሎ ማስጻፍ የሚወድ ሰውም ብዙ ነው። እኛም እንወደዋለን፣ ካርዱን ያከብረዋል። ግን ኪቦርዱ ላይ የት እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አንዱ ከአንድ ቦታ ገልብጦ ይለጥፋል፣ የሙሽራዋ ስም በጌጠኛ ፎንት፣ ቁጥሩ በሌላ፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ካራክተር ማፕ ላይ 1369 ስትጽፉ ፩ ላይ ያርፋል፣ ከእሱ ጀምሮ እስከ ፼ ተሰልፈዋል። የምትፈልጉትን ሁለቴ ስትጫኑት ከታች ባለው ሳጥን ይገባል፣ «ኮፒ» በሉና ጽሑፋችሁ ላይ ለጥፉ። ፎንታችሁ ቁጥሮቹ ከሌሉት ያኔውኑ ታውቃላችሁ፣ ሌላ ፎንት ትመርጣላችሁ። ዜሮ ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ ብቻ፣ በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም።

እግረ መንገዳችንን፣ ስለ አራት ነጥብ። ሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አራት ነጥብ ያደረጋችሁት ሰዎች እናውቃችኋለን። ስልክ ላይ ችግር የለውም። 3 ሜትር ባነር ላይ ግን በነጥቦቹ መካከል ጀልባ የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። እውነተኛው ። 1362 ላይ ነው፣ ፣ ደግሞ 1363። እዚያው አካባቢ ፤ እና ፦ም አሉ። ከዚያ ኮፒ አድርጉት።

«ዓባይ» በዓ ይሁን በአ፣ «ፀሐይ» በየትኛው ፀ ይሁን አንነካባችሁም፣ እንዳመጣችሁት እናትማለን። ካራክተር ማፕ ላይ ስታዩት ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስቱም የየራሳቸው ቁጥር እንዳላቸው ታያላችሁ፤ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሰነድ ውስጥ ስም ፈልጋችሁ ካጣችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ጠፋብን ለምትሉን፦ ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻው የሚጨመር ሆኗል። ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብታችሁ የኢትዮፒክ ፎንቶችን ጨምሩ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። እስከዚያው ኤብሪማ የሚባለው ፎንት አለላችሁ። ጌጥ ባይኖረውም ነጻና አስተማማኝ ፎንት የምትፈልጉ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን አውርዱ፣ እስካሁን ሁለቱም ሳጥን አልሰጡንም።

ማክ ያላችሁ «ፎንት ቡክ» የሚባለውን ክፈቱ፣ ያው ሥራ ነው። በስልክ ብቻ የምትሠሩ ግን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩልን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱ አብሮ ይገባል። በሌላ ዲዛይነር ያሠራችሁ ደግሞ «ከርቭ አድርገው» በሉት፣ ፊደሉን ወደ ሥዕል ቀይረው ማለት ነው፣ ይገባዋል።

ከእንግዲህ እኛም ከማተማችን በፊት የሥራውን ሥዕል በቴሌግራም እንልክላችኋለን። «እሺ» ሳትሉ ማሽን ላይ አይወጣም። እባካችሁ ሥዕሉን ሳታዩ «እሺ» አትበሉ፣ አጉሉት፣ ቷ እና ፏ ያሉበትን ቃል ፈልጉ።

ካራክተር ማፕ አልከፈት ያላችሁ ወይም ደረቱን ነፍቶ «ፎንቱ ሙሉ ነው» የሚል ወንድም ያላችሁ፣ ላፕቶፑን ይዛችሁ ኑ። ከ9 ሰዓት በኋላ ብትመጡ ይሻላል፣ ጠዋት ማሽኑ ስለሚጮኽ አንሰማማም፣ ያን ሰዓት ቡናም ይፈላል። ፍላሹን ግን ቫይረስ አስጠርጋችሁ። ባነሩንም የሚፈልግ ካለ በነጻ ይውሰድ፣ ጀርባው ነጭ ነው፣ ለዝናብ መከለያ ይሆናል።

አክባሪዎቻችሁ፣
የሽምብጥ ማተሚያ ቤት ልጆች፣ ባሕር ዳር