ዳገት ላይ የሚገፋ ሰው ሰራሽ እግር ለመስራት ተባበሩን (ደሴዎች በተለይ)

ሰላም የሰፈሬ ልጆች፣ ውጭ ያላችሁም ሰላም ብያለሁ፣ ትንሽ ይረዝማልና ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች የለም፣ የመኪና አደጋ ነው፣ ሰው ሰራሽ እግር ካደረግኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እግሩን አልማውም፣ ስራ መልሶኛል፣ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼበታለሁ። ግን ከፒያሳ ወደ ላይ ስወጣ ሁሌ የሚታወቀኝ ነገር አለ፣ ይሸከመኛል እንጂ አይገፋኝም። ደህና እግር ሲራመድ ባቱ ይኮማተርና ቁርጭምጭሚቱ ገላችንን ወደፊት ይገፋዋል፣ የእርምጃ ትልቁ ጉልበት የሚመጣው ከዛ ነው። የጎማው እግር ይሄ የለውም፣ የካርቦኑም ቢሆን እንደ ስፕሪንግ የረገጥክበትን ነው የሚመልስልህ፣ ከራሱ ምንም አይጨምርም። የጎደለውን ከዳሌያችንና ከደህናው እግር ነው የምናወጣው፣ ማታ ወገባችን የሚቆረጠውም ለዛ ነው። ደሴን ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ጦሳ ተራራ ስር ሜዳ ከየት ይመጣል።

አሁን ሞተር ያለው እግር አለ። ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ሞተር፣ ባትሪና ሴንሰር ነው ያለው፣ ሴንሰሩ ተረከዝ መቼ እንዳረፈ ያውቃል፣ ጣቱ መሬት ሊለቅ ሲል ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፣ ልክ ባት እንደሚያደርገው ማለት ነው። ለዚህ ብዙ የለፋው ሂው ኸር የሚባል፣ አሜሪካ ያለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው፣ እሱ ራሱ በፈረንጆቹ 1982 በ17 ዓመቱ ተራራ ሊወጣ ሄዶ በረዶ ውስጥ ጠፋና ሁለቱንም እግሩን አጣ፣ ዛሬ የሚራመደው በሰው ሰራሽ እግር ነው። የ2013ቱን የቦስተን ማራቶን ታስታውሳላችሁ አይደል፣ የኛው ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ የወጣበትና ፍንዳታ የደረሰበት፣ ሌሊሳ በኋላ ሜዳሊያውን ለከተማዋ ሰዎች መልሶ የሰጠበት። የዛን ቀን አድሪያን ሃስሌት የምትባል ዳንሰኛ ግራ እግሯን አጣች፣ በዓመቱ የኸር ቡድን በሰራላት ባለሞተር እግር መድረክ ላይ ወጥታ ሩምባ ደነሰች። ቪዲዮውን ያየሁት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዋጋው ግን በአስር ሺዎች ዶላር ነው፣ ለኛ አይታሰብም። ተስፋ የሰጠን ሌላ ነገር ነው፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች በፈረንጆቹ 2019 የባለሞተር ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ዲዛይን ለተመራማሪዎች ብለው በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት፣ እና ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የተማሩ ሁለት ልጆች አውርደውት እያጠኑት ነው፣ ሰው ሰራሽ እግር የሚገጥም ባለሙያም ከስራ በኋላ እየመጣ ያግዘናል። እግር የሌለን አስራ አንድ ነን። የብረቱን ስራ እዚሁ ቶርኖ ቤት እናስወጣለን፣ ሞተሩ፣ ሴንሰሩና መቆጣጠሪያ ቦርዱ ግን ከውጭ መምጣት አለበት።

የምንሰራው አንድ የሙከራ እግር ብቻ ነው፣ ይሄን በግልጽ ልንገራችሁ። እግሩ ከሶኬቱ (የተቆረጠው እግራችን ከሚገባበት ቀፎ) በታች በብሎን ስለሚታሰር ባለሙያው እየፈታ እያስተካከለ ለሁላችንም በየተራ ሊሞክርልን ይችላል፣ ማንም ግን ይዞት ቤቱ አይሄድም፣ እሱ ባለበት ብቻ ነው የምንራመደው፣ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም። የክረምቱ ጭቃና ውሃ ለሞተር ጠላት ነው፣ ክብደቱም ከጎማው ይበልጣል፣ እነዚህን እዚሁ ዳገታችን ላይ ካልሞከርናቸው ማንም መጥቶ አይሞክርልንም።

ብሩ የሚሄደው ለክፍል ኪራይ፣ ለቶርኖ፣ ለእቃ ግዢና ከገጠር ለሚመጡት ሦስት አባሎቻችን ትራንስፖርት ነው። ከ50 ብር ጀምሮ ያላችሁን፣ ብር ባይኖራችሁም ጉልበታችሁን፣ በተለይ ብየዳ የሚችልና ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በጣም ነው የምንፈልገው። አካውንቱ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ደረሰኙን በየወሩ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን፣ ቁጥሩን ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ከማላውቀው ሰው በኔ ስም ሌላ ቁጥር ከደረሳችሁ እንዳትልኩ።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ወደ አገር የሚመጣ ሰው ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ የሞተሩንና የሴንሰሩን ዓይነት ልጆቹ ጽፈው ይልኩላችኋል። ባትሪ የምትይዙ ካላችሁ ግን የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ነው፣ ከስር በሚጫነው ሻንጣ ካደረጋችሁት ኤርፖርት ላይ ያስወጡባችኋል።