ስማቸውን የሚያውቅ ይኑር

ልጄ፣

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን የምታስተምሪበት የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል እንደተሰጠሽ ስትነግሪኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። «ከየት ልጀምር?» ብለሽ ነበር። በስልክ አሳጥሬ መለስኩልሽ። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ አደረና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እኔ የጀመርኩት ከዝርዝር ነበር። ሰባቱን ምሥጢራት በቃል አስጠናኋቸው። አንዱ ልጅ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሐ፣ ቀንዲል፣ ክህነት፣ ተክሊል ብሎ ሳይደነቃቀፍ ወረደው። እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳየው ግን መጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚንበረከክ ግራ ገብቶት የሰው ጀርባ ያያል። ማንም አላናገረውም። ከእኔ በቀር ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ መጽሐፉን ከመግለጥሽ በፊት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘሻቸው ግቢ። በሩ ላይ ያለውን ጸበል በእጃቸው ነክተው ያማትቡ፤ ጥምቀታቸውን የሚያስታውሳቸው እሱ ነው። ከዚያ አታብራሪ። ዝም ብለው ይዩ። አንዱ ቅዱስ ቁርባኑ በሚቀመጥበት አጠገብ ስለምትበራው ትንሽ መብራት መጠየቁ አይቀርም፤ በቀን ለምን ትበራለች ይልሻል። ያኔ ቅዱስ ቁርባኑ እዚያ እንዳለ ንገሪያቸው። ልጅ ራሱ ጠይቆ የሰማውን አይረሳም።

የልብሰ ተክህኖውን ቀለም ቶሎ ይይዙታል፤ ሐምራዊው የዐቢይ ጾም፣ ነጩ የትንሣኤ እያሉ። እሱ ላይ ብዙ አትቆዪ።

ጊዜ የምትሰጪው ለቅዳሴው ነው። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ ምእመናን እንደ እንግዳ ዝም ብለው እንዳይመለከቱ፣ ገብቷቸው እንዲሳተፉ ጠይቋል። ይህ ለልጆችም ነው። እንግዲያው ሥራ ስጪያቸው። አንዷ ንባቡን ትለማመድ፣ አንዱ ኅብስቱንና ወይኑን ይዞ ይምጣ፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰላም ይበል።

አንድ ታሪክም አለ፤ ሳልነግራቸው አላልፍም ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የዘመኑን የእሑድ ጉባኤ ጽፎልናል። መጻሕፍት ይነበባሉ፣ ስብከት ይሰጣል፣ ኅብስትና ወይን ይቀርባል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል። ሊመጡ ላልቻሉት ደግሞ ዲያቆናት ቁርባኑን ይዘውላቸው ይሄዳሉ። በፈቃድ የተሰበሰበው ገንዘብ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። ልብ በይ ልጄ፤ ጸሎቱና ሰውን መርዳቱ አንድ ላይ ነው የተጻፉት። እኔ ለብዙ ጊዜ ለያይቼ አስተምሬያቸዋለሁ፣ ስህተቴም እሱ ነበር።

ይህን ከነገርሻቸው በኋላ «ባለፈው እሑድ ማን ቀረ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። አንድ አልጋ ላይ ያለ ሰው ስም መነሣቱ አይቀርም። ቤተሰቡን አስፈቅደሽ፣ ሁለት ሦስት ልጆች አስከትለሽ ሂጂ። ብዙ አትናገሩ። አብራችሁ አባታችን ሆይ በሉና ትንሽ ተቀመጡ።

ደግሞ አደራ፣ ክፍሉ ሲጀመር የልጆቹን የክርስትና ስም ጽፈሽ ላኪልኝ። ማታ ማታ በየስማቸው እጸልይላቸዋለሁ።

እናትሽ