ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ለምትጓዙ፦ ስለ ርቀቱና ስለ ሰዓቱ

ውድ አባላት፣

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ አጭሩ የአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃውና መመለሻው ግን እኩል ሰዓት አይወስድም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለመንገዱ የሚበቃ ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ሲመለስ ግን ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ፣ ነፋሱም ከኋላ ስለሚገፋው፣ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ትኬት ላይ ያሉትን ሰዓቶች ዝም ብላችሁ አትቀንሱ፤ መነሻውም መድረሻውም የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ 7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በጁላይ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 08:00 የሚደርስ በረራ 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል። 7 ጨምሩበት፣ 16 ሰዓት ተኩል ነው፤ ነዳጅ የሚቀዳበትም እዚያው ውስጥ አለ።

ሰውን በረራ የሚያስመልጠው ግን ቀኑ ነው። «ማክሰኞ 00:30» ማለት በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6:30 ነው፤ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ 3:30 ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው አንድ ቀን ዘግይቷል።

ከደለስ ወደ ሌላ ከተማ የምትቀጥሉ፣ ፓስፖርት ታይቶ ሻንጣችሁን ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ታስረክባላችሁ። በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ተዉ።