በሁለቱም ስሟ ለጠራችኋት ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወዳጆቻችን።

እህቴ ቤቷ ገብታለች። ደህና ናት። አንድ በአንድ እየደወልን ብናመሰግናችሁ ደስ ባለን፤ ግን የማናውቃችሁ ከምናውቃችሁ በለጣችሁ። ስለዚህ ምስጋናችንን በዚህ ተቀበሉን።

ነገሩን ላልሰማ ሰው ባጭሩ ልንገር። እህቴ 17 ዓመቷ ነው። «ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ልመዘገብ ነው» ብላ ወጣች። ኮምቦልቻ ግን መሻገሪያዋ ብቻ ነበረች። ከዚያ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፤ ድንበሩ ጋላፊ ሲደርሱ በሌሊት በእግር ዞረው ጅቡቲ ገቡ። መጨረሻው ኦቦክ ነው፤ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ወሎ ውስጥ ይህን መንገድ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያና ሚያዝያ ላይ በኦቦክ አቅራቢያ፣ ጎዶሪያ ዳርቻ፣ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ስንት ወገን እንዳለቀ ሁላችንም ሰምተናል። እናቴ ያንን ዜና በሬዲዮ የሰማች ሴት ናት። የሷ ልጅ በዚያው መንገድ ስትሄድ ምን እንደሆነች እናንተው ገምቱት።

በእኛ አገር ልጅ በባሕር ስትሄድ አይወራም። «አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ናት» ይባላል። ደላላውም «ካወራችሁ ትያዛለች» ይላል፤ ዝምታው ለሱ ይመቸዋል። እናቴ ከቅዳሴ በኋላ መናኸሪያ በር ላይ ቆመው ልጆችን ከደላላ ወደሚጠብቁ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ቀርባ «ጸልዩልኝ» ስትል እንኳ የሰጠቻቸው የክርስትና ስሟን ብቻ ነበር። የጸሎት ደንቡም እሱ ነው። በዚያ ስም ደግሞ ሰፈር ውስጥ ማንም አያውቃትም። ከወጣቶቹ አንዷ ግን እንዲህ አለቻት፦ «እማዬ፣ እግዚአብሔር በክርስትና ስሟ ያውቃታል። የሎጊያ ሹፌር ግን አያውቃትም። ሁለቱንም ይንገሩን።»

ለዚህች ልጅ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ይድረሳት። የእህቴ መንገድ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው የዞረው ብል ማጋነን አይሆንም። በየቤተ ክርስቲያኑ ስሟ ተጠራ፤ በጸሎቱ ላይ በክርስትና ስሟ፣ ከጸሎቱ በኋላ ደግሞ በቤት ስሟ፣ ከነመልኳ፣ ከነለበሰችው ሹራብ። ወሬው ኮምቦልቻ ደረሰ። የጅቡቲ መስመር የሚሠራ አንድ ሙስሊም ሹፌር ባለቤት ከጎረቤቷ ሰማች፤ ለባሏ ደወለች። እሱም ሎጊያ ላይ ጠየቀ፣ አስጠየቀ፤ ከነማን ጋር እንዳለፈች ነገረን። ጋሼ፣ ስምዎን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ አልጽፍም። አላህ ውለታዎን ይክፈልልን።

የበጎ ፈቃደኞቹን ነገር ለማያውቅ፦ ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጡ አሉ፣ ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመጡ አሉ፣ አንዲት ካቶሊክ እህትም አሉ። አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ መጸለይ ላይ አልተስማሙም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ራሱ ያስቀኛል። ሁሉም በየራሱ ይጸልይና መናኸሪያው በር ላይ ግን አብረው ይቆማሉ። ኩርቱ ፌስታል ይዛ ብቻዋን የምትንቆራጠጥ ልጅ ካዩ ሻይ ይጋብዟታል፤ ወዴት እንደምትሄድና ማን እንደሚቀበላት ይጠይቋታል። ስብከት የለም። ካቶሊኳ እህት የቅድስት ባኪታን ታሪክ የሚያወሩት ልጅቷ ራሷ ከጠየቀች ብቻ ነው። ባኪታ ከዳርፉር በልጅነቷ ተነጥቃ፣ ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጥ ኖራ፣ በኋላ ጣሊያን ውስጥ መነኩሲት የሆነች ሴት ናት። ካቶሊኮች በዓሏን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 8 ሲያከብሩ ለተሸጡ ሰዎች ሁሉ ይጸልያሉ።

ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መሃል ነበረች። ደላላው «የጀልባ ሂሳብ ጨምሩ፣ አለዚያ ልጃችሁን አታዩዋትም» ብሎ ሲደውል ስልኩን የያዘችው እሷ ናት። እናቴ የጆሮ ወርቋን አውልቃ ነበር። በጎ ፈቃደኛዋ ግን «መጀመሪያ የልጅቷን ድምፅ አሰማኝ» አለችው። ድምጿን ማሰማት አልቻለም፤ ለካ እህቴ ያኔ አምልጣ ኦቦክ የአይኦኤም (የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ማዕከል ገብታ ኖሯል! ስልክ ቁጥሩንና የባንክ ሂሳቡን መዝግባ ለፖሊስ ያስረከበችውም ይህችው በጎ ፈቃደኛ ናት። እዚያ ማዕከል ለተቀበሏት፣ እስክታገግም ላስታመሟትና ወደ አገሯ ለመለሷት በሙሉ እናቴ በየጸሎቷ ታነሳችኋለች።

አንድ ቢሮ ደግሞ «ወዳ ነው የሄደችው፣ ምን እናድርግ» ብሎ መልሶን ነበር። በጎ ፈቃደኛው የሕግ ባለሙያ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1178/2012ን ይዞ አብሮን ተመልሶ ሄደ። ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ «ወዳ ነው» ስለተባለ ደላላው ነጻ አይወጣም። መዝገቡ ተከፈተ። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ከዚህ በላይ አልልም።

ይህን ግን እላለሁ። ደላላው ባዕድ አይደለም። ሰርጋችን ላይ የበላ፣ ለቅሷችን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ቄሱ በአንድ እሑድ ስብከታቸው ዮሴፍን አንስተው «የሸጡት ወንድሞቹ ናቸው፤ ለሃያ ብር» ሲሉ ብዙ ሰው አንገቱን ደፋ። ጎረቤታችን ሐጂም ሲነገራቸው «የዩሱፍ ታሪክ እኛም ጋ ያው ነው» አሉ። አባ፣ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ መናገር ጠላት ያፈራል። ስለደፈሩ እናመሰግናለን።

ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ምን ብዬ ልጻፍ? ቡናው አልተቋረጠም፣ ዱዓው አልተቋረጠም። «አብሽሩ፣ ትመጣለች» ያላችሁንን ቃል እንደ እህል በልተን ነው የከረምነው። እናቴ እህል አልቀምስ ስትል አፏ ላይ ያጎረሳችኋት እናንተ ናችሁ።

አሁን ሁለት ልመና አለኝ። ቤታችን ስትመጡ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አትበሏት። በቀልድም ቢሆን። ትምህርቷን ልትቀጥል ነው፤ ስለ እሱ ጠይቋት፣ ሒሳብ እንዳስቸገራት በደስታ ትነግራችኋለች።

ሁለተኛው፣ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ እነዚህ በጎ ፈቃደኛ ልጆች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ከደሴ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ የሚመላለሱት በኪሳቸው ነው። ታክሲ ያላችሁ አሳፍሯቸው፤ ሻይ ቤት ያላችሁ አንድ ጠረጴዛ ልቀቁላቸው። ማለዳ መቆም የምትችሉ እናቶች ደግሞ ብትገኙ፣ ልጃገረዶቹ ለእናት ቶሎ ይናገራሉ ይላሉ። እናቴ ጀምራለች።

የልጅቷ ታላቅ እህት፣ ስለ ቤተሰቡ ሁሉ
ደሴ፣ ሆጤ