ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ መሳቢያ ውስጥ ስለቀረችው የደም ኪኒን

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ሳቢያን የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ሀኪምም ፋርማሲስትም አይደለሁም፣ ግን ለእርጉዝ እህቴ የተሰጣት ብረት ያለበት የደም ኪኒን ሳይዋጥ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ካየሁ ወዲህ ሰው ስጠይቅ፣ ሳነብ፣ ስከታተል ዓመት ሊሞላኝ ነው። ድሬ ተወልጄ ስላደኩ አንቱ እያልኩ መጻፍ አይሆንልኝም፣ እናንተም የዚሁ ከተማ ሰዎች ናችሁና እንደ ቤተሰብ ብናገራችሁ ቅር አይላችሁም ብዬ ነው።

ነገሩ የታናሽ እህቴ ነው፣ ጻፊው ብላኝ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሶስተኛ ወሯን እንደያዘች ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ኮመዲኖው ላይ ሁለት ትላልቅ የቫይታሚን እቃ ተቀምጧል፣ አንዱ የፀጉርና የቆዳ የሚባለው፣ ሌላኛው መልቲቫይታሚን። ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት ነው የገዛችው፣ ለሁለቱ 4,200 ብር ከፍላ፣ ሻጭዋ ለነፍሰ ጡርም ጥሩ ነው ልጁ ፀጉራም ይሆናል ብላታለች። ቻርጀር ፈልጌ መሳቢያውን ስከፍት ደግሞ ከጤና ጣቢያ በነፃ የተሰጣት የደም ኪኒን በላስቲኩ እንዳለ አገኘሁት፣ ሶስት ወይ አራት ፍሬ ብትወስድ ነው፣ ሌላው አልተነካም።

ለምን አትውጪውም ስላት ያስመልሰኛል፣ ሆዴን ያደርቀዋል፣ ደግሞ ሰገራዬ ጥቁር ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ አለችኝ። ቀጥላ ያለችው ነው እስካሁን ከጆሮዬ ያልጠፋው፣ "በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ይጠቅማል ብለሽ ነው?"

እቃዎቹን አንስቼ ጀርባቸውን ማንበብ ጀመርኩ፣ ጽሁፉ ደቃቅ ነው፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። የፀጉር የተባለው አንዱ ፍሬ 10,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ አለው፣ በቀን ሁለት ውሰዱ ይላል። መልቲቫይታሚኑ ሌላ 5,000 አለው። እሷ እንደተጻፈው በየቀኑ ሁለቱንም ስትወስድ 25,000 መሆኑ ነው። የዛኑ ቀን ከሰዓት ሀኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሀኪሙ እቃዎቹን አገላብጦ አየና አሁኑኑ አቁሚ አላት። ቫይታሚን ኤ በዚህ መልኩ፣ ሬቲኖል በሚባለው ማለት ነው፣ ነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ10,000 ዩኒት በላይ ከወሰደች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጽንሱን አፈጣጠር ሊያበላሽ ይችላል። ከካሮትና ከጎመን የምናገኘው ግን ሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለሚቀይረው እንዲህ አይነት ጉዳት የለውም፣ ብይው አላት።

ከዛ ስለ ደም ኪኒኗ ጠየቃት። ማታ ምግብ በልተሽ ዋጪው፣ ሎሚ ወይ ብርቱካን አብረሽ ብትወስጂ ብረቱ በደንብ ይገባል፣ ሻሂና ቡና ግን ከኪኒኑ በፊትም በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ፣ ሰገራ መጥቆሩ ከብረቱ ስለሆነ አያስፈራም፣ ለድርቀቱ ውሃና አትክልት አብዢ አላት። በቃ፣ ሶስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እህቴ ከዛ ቀን ጀምሮ እስክትወልድ ያችን ኪኒን ወሰደች፣ ልጁም ተመስገን ጤነኛ ሆኖ ተወለደ፣ አሁን አራት ወሩ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሶስት ደቂቃ መጀመሪያ ኪኒኑን ሲሰጧት አለመኖሩ ነው። ክብደት ለኩ፣ ግፊት ለኩ፣ በቀን አንድ ዋጪ አሏት፣ ቀጣይ ተባለ። ነርሷን አልወቅስም፣ በሩ ላይ የነበረውን ሰልፍ እኔም አይቼዋለሁ፣ በዛ ሙቀት ቆሞ የሚጠብቀውን እርጉዝ ሁሉ ለማናገር የሷ አንድ አፍ አይበቃም። ግን አስቡት፣ መንግስት ኪኒኑን ገዝቶ፣ አጓጉዞ፣ እስከ እናትየው እጅ ድረስ አድርሶ መጨረሻ ላይ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በአንዷ ኪኒን ውስጥ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለ፣ ለእርጉዝ ሴት በዋናነት የሚያስፈልጋት ይሄው ነው፣ እህቴ ግን ያንን ትታ 4,200 ብር አውጥታ የሚጎዳትን ገዛች። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፣ ሻጭዋ አናገረቻት።

በነገራችን ላይ ሻሂው ቀላል ነገር አይደለም። ድሬ ውስጥ ጠዋት ሻሂ፣ ከምሳ በኋላ ሻሂ፣ በርጫ ላይ ሻሂ፣ ሆጃውም ቡናውም አለ። ብዙዋ እናት ኪኒኗን የምትውጠው ራሱ በሻሂ ነው፣ ሻሂ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ ብረቱን ይዞ ያስቀረዋል። ይሄን የሚነግራት ከሌለ ኪኒኑን ሳታጓድል ውጣም ደሟ ላይጨምር ይችላል።

ሌላው ስለ ፎሊክ አሲዱ ነው፣ ይሄን ሳውቅ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሰራበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው፣ ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳን አታውቅም። ካልተዘጋ ነው ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው፣ ልጁ የጀርባ አጥንቱ ሳይገጥም የሚወለድበት ችግር፣ የሚመጣው፣ አገራችን ላይ ደግሞ ይሄ ችግር ብዙ ነው። ስለዚህ በሶስተኛ ወሯ ጤና ጣቢያ መጥታ የምትወስደው ፎሊክ አሲድ ለሌላው ይጠቅማታል እንጂ ለዛ ጉዳይ ዘግይቷል። ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት መጀመር እንዳለባት የሚነግራት ማነው? ለወሊድ መከላከያ ስትመጣ፣ እሱን ላስወጣ ብላ ስትመጣ፣ እዛው ቢነገራት እኮ ጊዜው ትክክል ነው። በዱቄቱም በኩል፣ በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ፣ ብረትና ዚንክ፣ ዘይት ላይ ደግሞ ቫይታሚን ኤና ዲ እንዲጨመር አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ድሬ ሰው ዳቦ በሊታ ነው፣ እዚህ የሚፈጨውና የሚሸጠው ዱቄት ተጨምሮበታል ወይስ አልተጨመረበትም፣ ይሄን በግልጽ ብትነግሩን።

ቫይታሚን ሁሉ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም ደግሞ። እናቴን ልንገራችሁ፣ ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጾም አንድም አታስቀርም፣ ዓቢዩም ፍልሰታውም ነቢያቱም ረቡዕ አርቡም ሲደመር በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይነካትም ማለት ነው። እግሬን ይቆረጥመኛል፣ ይደነዝዘኛል ስትል የስኳር ነው እየተባለች ኖረች። ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፣ ሜትፎርሚን ደግሞ ሲቆይ ቢ 12ን ይቀንሳል፣ ሁለቱም እሷ ላይ አሉ፣ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቀጠሮ ስትመላለስ አንድ ሰው ትጾሚያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። በመጨረሻ ሲመረመር ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ መርፌ ታዘዘላት፣ አሁን ድንዛዜው ቀሎላታል፣ ማታ እንቅልፏን ትተኛለች። ለእርጉዟ የሚጎዳ ገብቶ ለእናቴ የሚያስፈልጋት ቀረ፣ ሁለቱም የሆነው አንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

ስለሚሸጡት እቃዎችም ትንሽ ልበል። አብዛኛው ላይ ከ25 ወይ ከ30 ዲግሪ በታች አስቀምጡ ይላል። የድሬን ግንቦትና ሰኔ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ጥላ ውስጥ ራሱ ከ35 ያልፋል፣ መስታወት ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የሚውለውንማ አስቡት። የእህቴ የዘይት ካፕሱሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር፣ ስትከፍተው የከረመ ዘይት ይሸታል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበው ይሁን አይሁን፣ በየት በኩል እንደገባ፣ ጊዜው ይለፍ አይለፍ፣ ሻጭዋም አታውቅም። የናንተ ተቆጣጣሪዎች ፋርማሲዎቹን እንደሚያዩ ኮስሞቲክስ ቤቶቹንም ይዩልን። ቀምታችሁ አክስሩ ማለቴ አይደለም፣ የድሬ ሰው ሰርቶ ይብላ፣ ግን ቫይታሚን ኤ እና ብረት ያለበትን እቃ ሽቶና ሎሽን እንደሚሸጡት መሸጥ ልክ አይደለም። ብረት ስል፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውም ቢሆን ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ፍሬ ከዋጠ ሊገድለው ይችላል፣ ከልጅ አርቂ የሚል ቃል ሲሰጣት መነገር አለበት።

ጎረቤቶቼ ደግሞ ያችን ውሃ ውስጥ የምትፈላዋን 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ በየቀኑ ይጠጣሉ፣ ጉንፋን አይዘኝም፣ ጉልበት ትሰጠኛለች እያሉ። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው ከ75 እስከ 90 ሚሊግራም ነው፣ ቀፊራ ገበያ ሄዶ አንድ ሁለት ዘይቱን የበላ ሰው ያንን አግኝቷል። የተረፈውን ሰውነት በሽንት ያስወጣዋል፣ ብዙ ሲሆን ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፣ እኛ ደግሞ በሙቀቱ ሰውነታችን ውሃ እያጠረው በጠጠር የምንሰቃይ ሰዎች ነን።

እና የምለምናችሁ ብዙ አይደለም አቦ። በየጤና ጣቢያው እርጉዞች የሚጠብቁበት ቦታ ላይ፣ ሰልፍ ላይ እያሉ፣ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ለሁሉም ባንዴ ያናግራቸው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽኖች ይሄን በደንብ ይችሉታል። ያስመልሳል፣ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል፣ እንዲህ አድርጊ ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው፣ አስቀድሞ የተነገራት ሴት አትደነግጥም። ቤትሽ የምትወስጂው ሌላ ቫይታሚን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ካርዱ ላይ ይግባ፣ ካለ እቃውን ይዘሽ ነይ ይባል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክም እንደዛው ነው፣ ተቅማጡ በሶስተኛ ቀን ሲቆም እናቶች ያቆሙታል፣ አስር ቀን መሆኑንና ለምን አስር ቀን እንደሆነ ስላልተነገራቸው ነው። የሚነገረው በወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይም ይለጠፍ፣ ያመለጣት ታንብበው።

እህቴ ከሁለት ወር በኋላ ልጇ ስድስት ወር ሲሞላው ይዛው ትመጣለች፣ ሰማያዊዋን የቫይታሚን ኤ ካፕሱል ልታስወስደው። ካፕሱሏ 100,000 ዩኒት ነች። ከአሁኑ እየጠየቀችኝ ነው፣ እኔን 25,000 በዛ አቁሚ ብለው ለዚህ ጨቅላ 100,000 ለምን ይሰጡታል ትላለች፣ አማቷም አታስወስጂው ማለት ጀምራለች። እኔ አንብቤ የገባኝን ነግሬያታለሁ፣ እርጉዟ ላይ የሚያሰጋው ጽንሱ አካሉ እየተሰራ እያለ በየቀኑ ስለሚመጣበት ነው፣ ልጁ ግን በስድስት ወር አንዴ ነው የሚወስደው፣ ጉበቱ አስቀምጦ ለወራት ቀስ እያለ ይጠቀምበታል፣ ዓይኑንም ይጠብቅለታል፣ በሽታም ይከላከልለታል። ግን የኔ ቃል ለአማቷ አይበቃም። ያን ቀን መስኮቱ ላይ የምትገኘው ባለሙያ ጥያቄዋን ሰምታ ትመልስላት።

ከአክብሮት ጋር
የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ