የሞተር ጥሪ ሲወጣ ለእኛም ይነገረን

ውድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ስለ መኪናና ስለ «ጥሪ» ነው የምጽፈው፤ ጥሪ የምለው ፋብሪካው ጉድለት ያገኘበትን መኪና ለማየትና ለመጠገን ባለቤቶቹን ሲጠራ ነው፤ ግን የእኔ ብቻ ጉዳይ ስላልመሰለኝ ነው ወደ እናንተ ያመጣሁት።

ባለፈው ጥር እናቴን ከእህቴ ቤት ልመልሳት ሸዋሮቢት ወርጄ ነበር። በዚያው ሽንኩርት ጫንኩ። ደብረ ሲናን አልፌ ዳገቱን ስይዝ ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ መብራት በራ። ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ጉልበት አጣች። ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ ወይ ፍንክች። ጣርማበር ዋሻው ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ጉሙ ከመውረዱ የተነሳ የፊት መብራቴ ሦስት ሜትር አያሳይም። ከኋላ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ያምባርቃል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ «ልጄ፣ ምን ነካት?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? መኪናዋ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ከወንድሜ ጋር ሆነን እቁባችንን አውጥተን፣ የጎደለውን ከባንክ ተበድረን፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር ብለን የገዛናት ፒክአፕ ናት።

በማግስቱ እየጎተትን ሰፈራችን ወዳለው ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከትቶ መዘዘው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ሁለት ጣት ያህል ወጥቷል።

«አንተ፣ ዘይት ጨምረህበታል እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጠብታ አልጨመርኩም።»

ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገና አፍንጫዬ ስር አመጣልኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እንደ ዘይት አይወፍርም፣ ውሃ ሆኗል። ናፍጣ ነበር ዘይቱ ውስጥ የገባው።

ጋሼ ያስረዳኝን እኔም በገባኝ ላስረዳ። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች የጭስ መውጫው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ጥላሸቱን ይይዛል፤ ሲሞላ በራሱ ያቃጥለዋል። ለማቃጠል ግን 600 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ሙቀት ለማምጣት ሞተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል፣ ሥራው የሚሳካውም መኪናው ሳይቆም በጥሩ ፍጥነት ለተወሰነ ጊዜ ሲነዳ ነው። ከገበያ ገበያ፣ ከቀበሌ ቀበሌ፣ አስር ኪሎ ሜትር ሄዶ ሞተር የሚያጠፋ ሰው ማጣሪያው ሥራውን ሳይጨርስ ያቋርጥበታል። ማቋረጡ ሲደጋገም የተረጨው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ሲቀጥን ደግሞ ውስጥ ያለው ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሞተር ማውረድ ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ። መጀመሪያ «ናፍጣው ነው» አሉኝ። ቀጥሎ «መንገዱ ነው»። በመጨረሻ «አነዳድህ ነው»። እሺ፣ ናፍጣው ይሁን። እነዚህ ማጣሪያዎች የተሠሩት በኪሎ ከ10 ሚሊግራም ያልበለጠ ሰልፈር ላለው ለአውሮፓ ዓይነት ናፍጣ ነው። ግን መኪናዋን የሸጡልኝ እዚህ አገር ነው። እዚህ ምን ናፍጣ እንደሚቀዳ፣ ከሸዋሮቢት ጣርማበር ሲወጣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሚደረስ፣ አየሩም ስስ እንደሆነ ሲሸጡልኝ አያውቁም ነበር? ከገንዘቤ ይልቅ የቆረቆረኝ ይሄ ነው። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ባለመኪናው ነው።

የሻጩንም ሆነ የመኪናዋን ስም አላነሳም፤ ስም ለማጥፋት አልተነሳሁም። ከዚህ በታች ስማቸውን ከምጠራቸው ፋብሪካዎችም እንዳልሆነች ይታወቅልኝ።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ብሶቴን ስነግረው ገረመው። ለእሱ መኪና ፋብሪካው ራሱ በፖስታ ደብዳቤ ልኮለታል፣ «ሞተርህን ያለ ክፍያ እናየዋለን፣ ና» ብሎ። እኔ ደግሞ በዚያ ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 አሜሪካ ውስጥ ወደ 102,000 ገደማ መኪና ጠራ፤ አብዛኛው የ2022 እና የ2023 ሞዴል ቱንድራ ፒክአፕ ነው። ምክንያቱ ሞተሩ ሲመረት ውስጡ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ነው። ሞተሩ እየተነዳ ሊጠፋ ይችላል። ኩባንያው ሞተሩን ልቀይር ብሎ ተቀበለ። በ2025 መጨረሻም በዚሁ ችግር ሌሎች ከ120,000 በላይ መኪኖች ጨመረ። ጄነራል ሞተርስ ደግሞ በሚያዝያ 2025 ባለ 6.2 ሊትር ሞተር የሆኑ ወደ 600,000 የሚጠጉ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖች ጠርቷል፤ እነሱ ላይ የተበላሸው ክራንክ ሻፍቱ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዋናው ዘንግ) እና ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ነው። ምርመራውን ያለፈው ሞተር ወፈር ያለ ዘይት እንዲገባለት ተደረገ፣ ያላለፈው ተጠገነ ወይም ተቀየረ።

የእኔን ችግር የሚመስለውን ያገኘሁት አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ ከ264,000 በላይ የቶዮታ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር መኪኖች የጥላሸት ማጣሪያ አሠራራቸው ጉድለት እንዳለበት ወሰነ። ካሳው ላይ ክርክሩ ከዚያ በኋላም በይግባኝ ቀጥሎ ነበር። ግን ዳኛ ፊት ቀርቦ «ጉድለቱ የመኪናው ነው» ተባለ። ይህን ሳነብ እኩለ ሌሊት ነበር፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ «እሰይ» አልኩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ጥሪ ሲወጣ ለባለመኪናው ማን ይነግረዋል? ብዙዎቻችን የምንገዛው በዱባይ በኩል ተዟዙሮ የመጣ መኪና ነው። ፋብሪካው ስማችንን አያውቅም። ሻጩም ከሸጠ በኋላ አያውቀንም። ግን አንድ የማይጠፋ ነገር አለ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ መኪናው አካል ላይ የተቀረጸው መለያ። ሊብሬው ላይ ተጽፏል፣ ቦሎ ለመውሰድ ዓመታዊ ምርመራ ስንሄድም ይታያል። እዚያው ቁጥሩ ፋብሪካው ካወጣው የጥሪ ዝርዝር ጋር ቢመሳከር ምን ይከብዳል? ብዙ ፋብሪካዎች ይህን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርገውታል። ምርመራ ጣቢያው ፍሬንና መብራት ካየ በኋላ «ወንድሜ፣ የአንተ ሞተር ጥሪ ወጥቶበታል» ቢለኝ በቂዬ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን። ሕጉ ካለ አስመጪውም ጉድለት የተነገረበትን መኪና ዝም ብሎ እንዳይሸጥ ሊጠየቅ ይገባል።

ይህን የምለው ፒክአፕ እዚህ አካባቢ የቅንጦት ዕቃ ስላልሆነ ነው። ከጅሩ ጤፍ፣ ከመንዝ በግ ያመጣል። አምቡላንስ ሳይደርስ ሲቀር ምጥ የያዛትን እናት ሌሊት የሚያወርደው እሱ ነው። ሞተሩ ገደል አፋፍ ላይ ሲጠፋ ውስጡ ያለው ሰው ነው። በዚያ ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሁላችንም ያለችንን መኪና እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የምንጠብቃት።

አንዳንድ ጋራዥ «ማጣሪያውን ቆርጠህ ጣለው፣ ትገላገላለህ» ይላል። ብዙ ሰው አድርጎታል። እኔ እምቢ አልኩ። ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ፣ የእኔም ሁለቱ እዚያ መሃል ናቸው። ያን ጥላሸት እነሱ ላይ አልተፋም።

እናንተን የምለምነው ይህን ነው። ጉዳዩን ያዙትና የሚመለከታቸውን ጠይቁልን። ጥሪ የወጣባቸውን ሞዴሎችም በአማርኛ አውጡልን፤ ባለመኪናው አንብቦ የራሱን ይፈትሽ። የእኔዋ አሁንም ጋሼ ጊቢ ቆማለች፣ ዘይቷ ተቀይሮ ማጣሪያዋ እየታጠበ ነው። ልታጣሩ ከፈለጋችሁ የሻንሲ ቁጥሯንም፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍኩትንም እልክላችኋለሁ።

አንድ ባለፒክአፕ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ