የአዲስ ዝርያ የመጀመሪያው አባል ከማን ጋር ተዳቀለ? (ደብዳቤ ለልጄ)

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ባለፈው ሰሞን የሥነ ሕይወት መጽሐፍሽን ዘግተሽ፣ «አንዱ ዝርያ ከሌላው ጋር የማይዋለድ ከሆነ፣ የአዲሱ ዝርያ የመጀመሪያው አባል ከማን ጋር ተዳቀለ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ «ለውጡ ቀስ በቀስ ነው» ብዬ በችኮላ አለፍሁት። መልሴ ሐሰት ባይሆንም ጥያቄሽን አልመለሰም፤ ይህም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ስለ ሰነበተ አሁን በጽሑፍ ልመልስልሽ ተነሣሁ።

መጽሐፍሽ ላይ ያነበብሽው ትርጓሜ እ.ኤ.አ. በ1942 የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኧርነስት ማየር ያቀረበው ነው። በእርሱ አገላለጽ ዝርያ ማለት በተፈጥሮ እርስ በርሳቸው የሚዋለዱ፣ ከሌሎች መሰል ስብስቦች ጋር ግን የማይዋለዱ ሕያዋን ስብስብ ነው። የትርጓሜው ትልቁ ቁም ነገር መልክን ከዳኝነት ወንበሩ ማውረዱ ይመስለኛል። መልክ ያሳስታልና፤ የዝርያዎችን ስም አሰጣጥ ሥርዓት ያስያዘው ሊኒየስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1758 ዛሬ አንድ ዝርያ መሆኑ የሚታወቀውን የዱር ዳክዬ በሁለት ስም መዝግቦታል።

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለውን ተረት ታውቂዋለሽ። የደበቀችው አባቷ አህያ ነው። ክሮሞሶም በሴል ውስጥ ያለ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር መረጃ (ዘረመል) የሚሸከም ክር ነው። ፈረስ 64 ክሮሞሶም ሲኖራት አህያ 62 አለው፤ ወላጅ ለልጁ ግማሹን ስለሚያወርስ በቅሎዋ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ተቀብላ 63 ይዛ ትወለዳለች። የመራቢያ ሴል በሚሠራበት ጊዜ ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መሰለፍ ስላለባቸውና የበቅሎዋ ክሮሞሶሞች በትክክል መጣመር ስለማይችሉ፣ በቅሎ ከስንት አንዴ ካልሆነ በቀር አትወልድም። ስለዚህ ፈረስና አህያ ቢዳቀሉም የአንዱ ዘር በልጅ ልጅ በኩል ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ሁለት ዝርያ የሚባሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የክሮሞሶም ነገር በልብሽ ያዢው፤ እመለስበታለሁ።

ትርጓሜው የማይደርስባቸው ፍጥረታት አሉ። ባክቴሪያ ለሁለት እየተከፈለ ስለሚራባ፣ በድንጋይ ውስጥ የቀረ ቅሪተ አካልም ከማን ጋር ይዋለድ እንደ ነበር ስለማይመሰክር፣ ለእነርሱ ተመራማሪዎች በቅርጽ ወይም በዘረመል ዝምድና ይጠቀማሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ትርጓሜው በሚሠራባቸው እንስሳት መካከል ራሱ ድንበሩ የሚደበዝዝበት ጊዜ መኖሩ ነው። በካሊፎርኒያ፣ መካከለኛውን ሸለቆ እንደ ቀለበት በሚከቡት ተራሮች ላይ ኤንሳቲና የሚባል ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ) ይኖራል። በቀለበቱ ዙሪያ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ይዋለዳል፤ ሁለቱ ጫፎች በደቡብ ሲገናኙ ግን በመልክም የተለያዩ ናቸው፣ የሚዳቀሉትም እምብዛም ነው። ጫፎቹን ብቻ ያየ ሰው ሁለት ዝርያ ናቸው ይላል፤ ቀለበቱን የዞረ ሰው ግን አንዱ አልቆ ሌላው የጀመረበትን ቦታ ሊያሳይሽ አይችልም።

ጥያቄሽ የሚፈታውም እዚህ ላይ ነው። በሳላማንደሩ ዘንድ በቦታ ተዘርግቶ የሚታየው ነገር በሌሎቹ ዘንድ በጊዜ ውስጥ የሆነ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የእናቱ ዝርያ ነበረ፤ የሚዳቀለውም በዙሪያው ካሉት መሰሎቹ ጋር ነበረ። የሚለወጠው አንድ ግለሰብ ሳይሆን መንጋው በሙሉ ስለሆነ፣ ብቻውን ቆሞ የትዳር ጓደኛ ያጣ «የመጀመሪያ» አባል አልነበረም።

መንጋው ለሁለት የሚከፈለው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር መካከሉ ሲገባ ነው። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፓናማ ቀጭን የብስ ሁለቱን አሜሪካዎች ሲያገናኝ በአንጻሩ ባሕሩን ለሁለት ከፈለው፤ በውስጡ የነበሩት ሽሪምፕ የሚባሉ ባለ ብዙ እግር ትንንሽ የባሕር እንስሳትም በካሪቢያንና በፓሲፊክ ተለያይተው ቀሩ። ናንሲ ኖልተን የተባለች ተመራማሪ ከሁለቱ ወገን መንታ የሚመስሉትን አምጥታ በአንድ ዕቃ ስታኖራቸው፣ አብዛኞቹ ተጣሉ እንጂ አልተዋለዱም። በየወገኑ የተከሰተው የዘረመል ለውጥ ወደ ማዶ መሻገር ስላልቻለ፣ የተፈጥሮ ምርጫ (ለአካባቢው የሚስማማው ባሕርይ በትውልድ እየበዛ መሄዱ) እና ዕድል እያንዳንዱን በየራሱ መንገድ ወሰዱት። ልጄ፣ ይህን አጥብቀሽ እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፤ ለመለያየት ብሎ የተለያየ የለም፤ አለመዋለዳቸው የሌላ ለውጥ ሁሉ ተከታይ ሆኖ የመጣ ነው።

ግድግዳም የግድ አያስፈልግም። በሰሜን አሜሪካ ሐውቶርን በሚባል ዛፍ ፍሬ ላይ ትኖር የነበረች ዝንብ ከአውሮፓ ወደ መጣው ፖም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተሻገረች። ዝንቦቹ የሚገናኙት በሚመርጡት ፍሬ ላይ ስለሆነና ፖም ቀድሞ ስለሚበስል፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሰፈር እየኖሩ በመለያየት ላይ ናቸው፤ ፍጹም አልተለያዩም።

አሁን ወደ ክሮሞሶሙ ልመለስ፤ «የመጀመሪያ አባል የለም» ያልሁሽ ሁልጊዜ እውነት አይደለምና። የዛሬው የዳቦ ስንዴ የተገኘው ከ8,000 እስከ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ 28 ክሮሞሶም ያለው የጥንት ስንዴ 14 ካለው የዱር ሣር ጋር ተዳቅሎ ነው። ከአንዱ 14፣ ከሌላው 7 የተቀበለ ድቅል 21 ክሮሞሶም ይዞ ይበቅላል፤ ለእያንዳንዱም ጥንድ ስለሌለው እንደ በቅሎዋ መካን ሊሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን ዕፅዋት አንዳንድ ጊዜ የመራቢያ ሴላቸውን ሲሠሩ ክሮሞሶሙን ሳይከፍሉ ሙሉውን ያስተላልፋሉ። እንዲህ ያለ ሙሉ ወንዴ ዘር እንዲህ ካለ ሙሉ ሴቴ ዘር ጋር ሲገናኝ 42 ይሆናል፤ ጥንድ ያልነበረው ሁሉ በአንድ ትውልድ ጥንድ ያገኛል። ከ28ቱ ወላጁ ጋር ቢዳቀል 35 ይሆናልና ጥምረቱ እንደ ገና ይፋለሳል፤ ስለዚህ ገና ሲበቅል ከወላጆቹ የተለየ ነው።

ያ የመጀመሪያው ስንዴ ከማን ጋር ተዳቀለ? የስንዴ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድነት ስለሚይዝና ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ መልሱ «ከራሱ ጋር» ነው።

እናትሽ